ግንዱ ለምድጃ ወይስ ለጓሮ?

ጫካ ገብታችሁ ወድቆ የቆየ ግንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርግጥ ታውቃላችሁ። ከብት ስትጠብቁም፣ እንጨት ስትለቅሙም አይታችሁታል። ከላይ ሲያዩት የሞተ ነው። ቅርፊቱ ተልጧል፤ እንጉዳይ በቅሎበታል። ነገር ግን በበጋ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ በዙሪያው ያለው መሬት ደርቆ ሳለ ግንዱን ገልበጥ አድርጉትና እጃችሁን ከሥሩ አስገቡ። እርጥብ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሽታውም ደስ ይላል። ትል ይርመሰመስበታል። ከበሰበሰው ግንድ ቆንጥራችሁ በጡጫችሁ ብትጨምቁት ውኃ ጠብ ይላል።

ይህን ውኃ ማን አጠጣው? ማንም አላጠጣውም። በክረምት የጠጣውን ይዞ ቆይቶ ነው። ጥቁሩን አፈርስ ማን አመጣው? ማንም አላመጣውም። ራሱ ግንዱ ነው አፈር እየሆነ ያለው።

ዛሬ የምንነጋገርበት የጓሮ አሠራር ከዚህ ከወደቀ ግንድ የተቀዳ ነው። ይኸውም የበሰበሰ ግንድና ቅርንጫፍ መሬት ውስጥ ቀብሮ፣ በላዩ ቅጠልና ፍግ ጨምሮ፣ አፈር አልብሶ፣ ጉብ ያለ መደብ ሠርቶ አትክልት መትከል ነው። ሥራው ጥቅም አለው፤ ችግርም አለው። ጥቅሙን እንናገራለን። ችግሩን ግን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ምክንያቱም ይህ አሠራር ስም ባገኘበት አገርና በእኛ አገር መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ልዩነቱም ምድጃ ነው።

ስሙና አገሩ

ስሙ ትንሽ አፍ ያስቸግራል። «ሁገልኩልቱር» ይባላል። በአንድ ትንፋሽ ማንበብ ካስቸገረ ከፋፍላችሁ አንብቡት፦ ሁ - ገል - ኩል - ቱር። ቃሉ የጀርመኖች ነው። «ሁገል» ማለት ጉብታ ወይም ትንሽ ኮረብታ ማለት ነው። «ኩልቱር» ደግሞ እዚህ ላይ ማልማት ማለት ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «በጉብታ ላይ ማልማት» ይሆናል። እኛ ከእንግዲህ «የግንድ መደብ» እያልን እንጠራዋለን።

ቃሉ በጽሑፍ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962፣ ማለትም በእኛ በ1954 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሄርማን አንድሬ የሚባል ጀርመናዊ አትክልተኛ በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሰውየው ሐሳቡን ያገኘው ከአያቱ ጓሮ ነው ይባላል። በጓሮው ጥግ የተጣለ የቅርንጫፍ ክምር ነበር። በክምሩ ላይ የበቀለው ተክል በሜዳው ላይ ከበቀለው ይልቅ ለምልሞ አየው።

ከዚያ ወዲህ ይህን አሠራር በዓለም ያስተዋወቀው ዜፕ ሆልዘር የሚባል የኦስትሪያ ገበሬ ነው። ኦስትሪያ የጀርመን ጎረቤት ናት። ሆልዘርም በዚያው በ1962 ነበር የወላጆቹን እርሻ የተረከበው። እርሻው ሉንጋው በሚባል ተራራማ አውራጃ ውስጥ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1100 እስከ 1500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። 1500 ሜትር ሲባል የእኛ ሰው ሞቃት ወይና ደጋ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በዚያ አገር ክረምቱ ረጅም ነው፤ በረዶው ለወራት መሬቱን ሸፍኖት ይከርማል። ሆልዘር ግን በዚያ ተዳፋት ላይ እርከን ሠርቶ፣ ኩሬ ቆፍሮ፣ ግንድ እየቀበረ ጉብታ እየሠራ ፍራፍሬና አትክልት አበቀለበት። እርሻውንም በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር ለልጁ አስረክቧል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሆልዘር በደን የተከበበ ሰው ነው። በሱ አገር ነፋስ የጣለው ግንድ ሞልቷል። የበሰበሰውን ለቅሞ ለወጥ ማብሰያ የሚሸከም ሰው ግን የለም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ሥራው እንዴት ነው?

የደረቀ እንጨት ውስጡ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ቱቦዎች የተሞላ ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በነዚህ ነው። እንጨቱ ተቀብሮ ሲበሰብስ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። በዝናብ ጊዜ ይጠጣል፤ በድርቅ ጊዜ ቀስ እያለ ለአፈሩ ይለቃል። ይህን የሚያደርገው ግን የበሰበሰ እንጨት ነው። ዛሬ የተቆረጠ ጠንካራ ግንድ ብትቀብሩ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ያህል ውኃ አይዝም። «ግንድ ከቀበርክ ውኃ ማጠጣት ቀረልህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። አንዳንድ አትክልተኞች እንዲህ ብለው ይናገራሉ። ይሁን እንጂ በመለኪያ ተፈትኖ የተጻፈው ጥቂት ነው። ብዙው ነገር ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ምግብ ነው። የተክልን ምግብ ማለታችን ነው። ግንዱ ሲፈርስ በውስጡ የነበረው ሁሉ ለአፈሩ ይመለሳል። ቀጭን ቅርንጫፍ በሁለትና በሦስት ዓመት ያልቃል። ወፍራም ግንድ አምስትና ስድስት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚያን ጊዜ ሁሉ መደቡ እየዘቀጠ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት እስከ ጉልበት የነበረው ጉብታ በሦስተኛው ዓመት ከጉልበት በታች ይወርዳል። ይህን አይታችሁ አትደንግጡ። እንጨቱ አፈር እየሆነ ስለሆነ ነው። በየዓመቱ ከላይ ቅጠልና ብስባሽ ጨምሩበት።

ሦስተኛው፣ መደቡ ከፍ ማለቱ ነው። ይህኛው ለእኛ አዲስ አይደለም። ጥቁር መሬት ያለው ገበሬ በክረምት ውኃ ሲተኛበት ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ሥሩ ይታፈናል፤ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ሰፋ ያለ መደብና ቦይ ሲሠራ የኖረው ለዚህ ነው። ውኃው በቦዩ ይወርዳል፤ ሰብሉ ከላይ ይተነፍሳል። ጀርመን አላስተማረውም።

ቅጠልና ጥራጊ ወደ ጓሮ መመለስም የቆየ ዕውቀት ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ አገር የእንሰት ጓሮ አፈር ለምን ጥቁርና ወፍራም ሆነ? የከብቱ ፍግና የቤቱ ጥራጊ ከዓመት ዓመት ወደ እንሰቱ ሥር ስለሚሄድ ነው። የግንድ መደብ አዲስ የሚያደርገው ነገር ቢኖር እንጨቱን መጨመሩ ብቻ ነው።

አሠራሩ

ለሙከራ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ቦታ በቂ ነው። ስፋቱን ከዚህ ብዙ አታስፉት። ሴትም ትሁን ልጅ መሐሉን ሳይረግጡ ከሁለቱም በኩል በእጅ መድረስ መቻል አለባቸው። የተረገጠ መደብ ይጠብቃል፤ ሥርም አያስገባም።

በመጀመሪያ የላዩን ጥቁር አፈር ግፈፉና ለብቻ ከምሩት። ይህ አፈር ኋላ ተመልሶ ከላይ የሚለብስ ነው። ከሥሩ ካለው ቀይ ወይም ነጣ ያለ አፈር ጋር አትቀላቅሉት። ከዚያ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ወደ ታች ቆፍሩ። ወፍራሙን ግንድ ከታች አጋድሙ። ቅርንጫፉን በላዩ ደርድሩ። አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ይመጣል። በግንድና በግንድ መካከል ያለውን ክፍተት ባዶ መተው አይገባም። አፈር እየሞሉ፣ ውኃ እያፈሰሱ፣ በእንጨት እየወጉ መጠቅጠቅ ነው። ክፍተቱ ባዶ ከቀረ አየር ይገባና እንጨቱ ይደርቃል። አይጥም ቤት ይሠራበታል። አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ አይጠፋም። ጎመን ልትቀነጥስ የሄደች ልጅ እባብ እንዳያገኛት ክፍተቱን ሙሉ።

በእንጨቱ ላይ እርጥብ ቅጠልና አረም ይጨመራል። አረሙ ዘር ሳይዝ የታጨደ ይሁን። በዚያ ላይ ፍግ፣ በመጨረሻም የተገፈፈው ጥቁር አፈር ይለብሳል። አፈሩ ከአንድ ስንዝር ባያንስ ጥሩ ነው። ላዩን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር አልብሱት። ሥራውን በግንቦት ብትጨርሱ የክረምቱ ዝናብ እንጨቱን አርሶ ያጠግበዋል። በመስከረም የተሠራ መደብ ግን ደረቅ እንጨት ይዞ በጋ ይገባል፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ለተክሉ ውኃ በመስጠት ፈንታ ራሱ ከአፈሩ ይጠጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ረሃብ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው የግንድ መደብ ሠርቶ ጎመን ይተክልና፣ ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ሲቀር «ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል። ውሸት አይደለም። ምክንያት አለው።

እንጨትን የሚያበሰብሱት ሻጋታና በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ናቸው። እነሱም እንደ ሰው ምግባቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጉልበት የሚሰጣቸው ነው፤ ካርቦን ይባላል። ሌላው ሰውነታቸውን የሚገነቡበት ነው፤ ናይትሮጂን ይባላል። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሰጠው ይህንኑ ናይትሮጂን ነው። በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለ።

ለመበስበስ የሚመቸው ለ1 እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲኖር ነው። በሰጋቱራ ውስጥ ግን ለ1 እጅ ናይትሮጂን 400 እጅ ያህል ካርቦን ይገኛል። ይህም ማለት እንጀራው መሶብ ሞልቶ ወጡ አንድ ጭልፋ ብቻ ነው ማለት ነው። ታዲያ ረቂቆቹ ነፍሳት ምን ያደርጋሉ? ወጥ ፍለጋ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ጎረቤቱ የእናንተ ጎመን ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ከጎመኑ ሥር ይሻሙታል። ጎመኑም ይጠወልጋል።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ትኩስ እንጨት ሳይሆን የበሰበሰ መቅበር። ሁለተኛ፣ በእንጨቱ ላይ ፍግና የከብት ሽንት ማፍሰስ። በጋጣው ወለል ላይ የሚፈሰውን ሽንት በቦይ ወደ ማሰሮ ብትመልሱት ዋጋ ያለው ነገር ነው። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት ባቄላ ወይም አተር መዝራት። እነዚህ በሥራቸው ላይ ባሉት እንቡጦች አማካይነት ናይትሮጂንን ከአየር ያገኛሉ፤ እንደ ጎመን አይራቡም። ዱባም ፍግ በርከት ተደርጎ ከተጨመረለት በአዲስ መደብ ላይ ደህና ይሆናል። ጎመን፣ ሽንኩርትና ካሮት ለሁለተኛው ዓመት ይቆዩ።

እስቲ እናስላ

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። እርሳስ ያለው እርሳሱን ያንሳ።

መደባችን 3 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት አለው። የግንዱ ድርድር ግማሽ ሜትር ከፍታ አለው እንበል። 3 ጊዜ 1፣ 3 ይሆናል። የ3 ግማሽ 1 ተኩል ነው። ስለዚህ ድርድሩ 1 ተኩል ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ክፍተት ነው ብንል፣ እንጨቱ ራሱ ከ1 ሜትር ኩብ ሩብ ጎደል ይሆናል። የአንድ ሜትር ኩብ ደረቅ እንጨት ክብደት እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያል። 600 ኪሎ እንበል። ከ600 ላይ ሩቡን ስንቀንስ 450 ኪሎ እንጨት መሬት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ብትሸከም፣ 450 ሲካፈል ለ30፣ 15 ሸክም ይሆናል። ምድጃችሁ በቀን 10 ኪሎ እንጨት ቢበላ፣ 450 ሲካፈል ለ10፣ 45 ቀን ይሆናል።

እንግዲህ አንዲት ትንሽ የጎመን መደብ የአንድ ወር ተኩል እሳት ቀበረች ማለት ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ከ100 ቤት ከ90 በላይ የሚሆነው የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በአገዳ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ንግግር በብዙ ጓሮ ሊሰማ ይችላል፦

«ይኼን ግንድ ልቀብረው ነው» ይላል ባል።

«ምነው፣ ምን በደለህ?» ትላለች ሚስት።

«ጎመን ልተክልበት ነዋ።»

«ጎመኑን በምን ልቀቅለው ታዲያ?»

የሚስትየው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። እንጨቱን ከሩቅ የምታመጣው እሷ ናት። ባልየው ቆፍሮ ከቀበረ በኋላ በማግስቱ ገደል የምትወርደው እሷ ናት። ጓሮ ይሠራል ተብሎ ደን የሚጨፈጨፍ ከሆነማ ነገሩ ጨርሶ ተገልብጧል። አፈር ለማዳን የተጀመረው ሥራ አፈር ያስጠርጋል።

እንጨቱ ብቻም አይደለም። ፍጉም ባለቤት አለው፤ ኩበት ይሆናል። አገዳውም ባለቤት አለው፤ ከብት ይበላዋል፣ አጥር ይታጠርበታል። ፈረንጅ «ውዳቂ» የሚለው ነገር በእኛ ቤት ሁሉም ሥራ አለው። የግንድ መደብን ነገር ስናስብ ሳንረሳ መያዝ ያለብን ይህን ነው።

ታዲያ ምን ይቀበር?

መልሱ ባጭሩ ምድጃው የማይፈልገውን ቅበሩ ነው። ሻጋታ የበላው፣ ጥፍር ሲጫኑበት የሚሰረጉድ፣ ሲነድ ጭስ እንጂ ነበልባል የሌለው እንጨት በየቦታው አይጠፋም። ይህ ለባለ ምድጃዋ ዓይን ማቃጠያ ነው፤ ለጓሮ ግን ከጥሩው እንጨት ይሻላል። ቀድሞውኑ መበስበስ ጀምሯልና። ከመሬት ነቅለው ለመፍለጥ የሚያስቸግሩ አሮጌ ጉቶዎችም አሉ። ቡና ያለው ሰው ያረጀ ቡና ሲጎነድል ቅንጥብጣቢው ይተርፈዋል። የሙዝ ግንድና የእንሰት ተረፈ ነገር ውኃ የተሞላ ስለሆነ ከእንጨት ጋር ቢደባለቅ ደግ ነው። ቶሎ ያልቃል እንጂ።

ቆርች ቀላልና ልል እንጨት ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። ለማገዶም ያን ያህል የሚወደድ አይደለም። ነገር ግን እርጥቡን ከቀበራችሁት ያቆጠቁጣል፤ የጎመን መደብ ሠራሁ ስትሉ የቆርች አጥር ይሆንባችኋል። አድርቁት። ቁልቋልም ልል ነው። ወተቱ ግን ዓይን ያጠፋል። ደርቆ፣ ወተቱ አልቆ ካልሆነ አትንኩት። ልጆችም አይቅረቡ።

ጥድና ወይራ አይቀበሩም። ለአጥር ቋሚ የምትመርጧቸው ለምንድን ነው? መሬት ውስጥ ሆነው ስለማይበሰብሱ ነው። ለቋሚ ደግ የሆነ እንጨት ለግንድ መደብ መጥፎ ነው።

ባሕር ዛፍስ? ይህ ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ፣ ከ1880ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ፣ በደጋው አገር ከባሕር ዛፍ የበዛ እንጨት የለም። ቅጠሉና ቅርፊቱ ግን ዘይት አለበት፤ ሌላ ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል። ስለዚህ ቅጠሉን ከመደቡ አርቁት። ግንዱም ቢሆን ጤነኛው ለቤትና ለገበያ ነው። ዓመታት አልፈውት እንደ ዳቦ የሚፈረፈር ጉቶ ካገኛችሁ ግን መቅበር ትችላላችሁ።

ምስጥ፣ ተዳፋትና ድርቅ

የኦስትሪያ ገበሬ የማያውቀው ጠላት አለን። ምስጥ ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲ አካባቢ ያለ ገበሬ ስለ ምስጥ አስተማሪ አያስፈልገውም። ቤቱንም፣ ሰብሉንም፣ ችግኙንም ሲበላበት ኖሯል። ምስጥ ደረቅ እንጨት ይወዳል። እንጨት ቀብሮ በላዩ ተክል መትከል ለምስጥ ድግስ ደግሶ እንግዶቹን ከልጆች አጠገብ ማስቀመጥ ነው። እንጨቱን ሲጨርስ ወደ ሥሩ ሊዞር ይችላል። ምስጥ በበዛበት አገር የግንድ መደብን ይቅር እንላለን። ከሁሉም በላይ ከቤት ግድግዳ አጠገብ አይሠራ። በዚያ አገር በደንብ ብስል ያለ ብስባሽ ይበልጣል።

ሁለተኛው አደጋ ተዳፋት ነው። አንዳንድ ሰው ግንዱን በተዳፋት ላይ አግድም አጋድሞ፣ አፈር አልብሶ፣ እንደ እርከን ሊጠቀምበት ያስባል። ተጠንቀቁ። እንጨት ይንሳፈፋል። ይበሰብሳልም። ዘንድሮ ጎርፍ የያዘው ግንድ ከአራት ዓመት በኋላ ውስጡ ባዶ ነው። ያን ጊዜ አንድ ኃይለኛ ዝናብ መደቡን ከነአፈሩ ይዞት ይወርዳል፤ ከታች ያለውን የጎረቤት ማሳም ያበላሻል። የኮንሶ ሰዎች እርከናቸውን በድንጋይ የገነቡት ያለ ነገር አይደለም። ያ እርከን ከትውልድ ወደ ትውልድ አልፎ፣ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እርከን በድንጋይ ይሠራ። የግንድ መደብ ለጥ ባለ ጓሮ ይሁን።

ስለ ድርቅም አንድ ቃል። ጉብታ በነፋስና በፀሐይ በሁሉም ጎን ይመታል። ውኃ በሚተኛበት ደጋ ይህ ጥቅም ነው። እንደ ዋግና እንደ ራያ ቆላ ባለ ዝናብ አጠር አገር ግን ጉዳት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ጉብታውን ተዉት። ጉድጓድ ቆፍሩ፣ የበሰበሰውን እንጨት ከታች ክተቱ፣ አፈሩን ከመሬት እኩል ወይም ትንሽ ጎድጎድ አድርጋችሁ መልሱት። ውኃው ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባል፤ እንጨቱም ይጠጣዋል። ያው ሥራ ነው፤ የተገለበጠ ብቻ ነው።

እንጨት ጨርሶ የሌለው ሰውስ? በደቡባዊ አፍሪካ በሌሶቶ አገር ብዙ ቤተሰብ የሚጠቀምበት ሌላ ዘዴ አለ። ክብ መደብ በድንጋይ ይከበባል። መሐሉ ላይ ከጭራሮ የተሠራ ቅርጫት ይቆማል። የቤት ጥራጊ፣ የአትክልት ልጣጭና አመድ ወደ ቅርጫቱ ይገባል፤ የዕቃ እጣቢ ውኃም በዚያው ይፈሳል። ምግቡና ውኃው ከመሐል ወደ ዙሪያው ይሄዳል። ለዚህ ግንድ አያስፈልግም።

ቆጣቢ ምድጃ የሠራ ቤት ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። ማገዶው ሲቀንስ ኩበት ይተርፋል። የተረፈው እበት ሳይነድ ወደ ጓሮ ይገባል። ባልና ሚስቱ የተከራከሩበት ነገር ከግንዱ ይልቅ በዚህ በኩል ቢጀመር ሳይሻል አይቀርም ባዮች ነን።

መሞከር የፈለገ በትንሹ ይሞክር። ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን ይቁፈር፤ እያንዳንዱ አንድ ክንድ ስፋት፣ አንድ ክንድ ጥልቀት። ባንደኛው የበሰበሰ ጉቶ ይግባበት፤ በሁለተኛው አይግባ። ለሁለቱም እኩል ፍግ፣ እኩል አፈር፣ አንድ ዓይነት የዱባ ዘር ይሁን። ውኃ ከተጠጣ ሁለቱም እኩል ይጠጡ። ልዩነቱ ግንዱ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። የሆነውንም በደብተር ጻፉ፤ የዘንድሮው ለከርሞ ይረሳልና። ለምሳሌ እንዲህ እያላችሁ፦

ግንቦት 20። ጉድጓድ 1፣ የበሰበሰ የብሳና ጉቶ ገባ። ጉድጓድ 2፣ ባዶ። በሁለቱም 3 የዱባ ፍሬ ተዘራ።

ሐምሌ 12። የጉድጓድ 1 ቅጠል ቢጫ አለበት። የከብት ሽንት በውኃ ቀጥኖ ተጨመረ። ጉድጓድ 2 ደህና ነው።

መስከረም 25። ሁለቱም አብበዋል።

ታኅሣሥ 10። ዝናብ ከቆመ ብዙ ቀን ሆነ። አንድ ስንዝር ተቆፍሮ ተዳሰሰ። ጉድጓድ 1 -- ጉድጓድ 2 --

እነዚህን ሁለት ባዶ ቦታዎች እናንተ ሙሏቸው።